አሰግድ አቶምና የሞተር ቤቱ ድንጋይ

አሰግድ አቶም ሞተ። ያረዳኝ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። "ጋሽ አሰግድ አርፈዋል፤ ቀብር ስምንት ሰዓት!" ብሎ በራችንን አልፎ ሄደ። እኔ የማጥበውን ሳህን እንደያዝኩ ቆምኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ "ይሄም ሰው ይሞታል ለካ!" የሚል ነበር። አሰግድ የሚሞት ሰው አይመስልም። ሞት ቢመጣበት እንኳ ኮሚቴ አቋቁሞ "ጉዳዩ ይጠና" የሚል ነበር የሚመስለኝ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የእህቱ ልጅ፣ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "በከተማችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ የመሠረቱ፣ ለሕዝብ ልማት ሲደክሙ የኖሩ" እያለ አወረደው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። የትኛው ጣቢያ? የት ያለው? ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ለቅሶ ላይ ማን ይጠይቃል! እኔም ሳል የያዘኝ መስዬ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ጽሑፉን ማን እንዳዘጋጀው ወዲያው ገብቶኛል። ራሱ ነው፤ ሳይሞት ጽፎ አስቀምጦት ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የእሱን ንግግር በታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው፣ ዓረፍተ ነገሩን የትም ባገኘው አልስተውም።

ሁሉም "እሳቸው" ሲለው ዋለ። እኔ ግን አንቱ አልለውም። ዕድሜውን ንቄ አይደለም፤ አንቱታውን ራሴ የነሳሁበት ቀን አለ፣ ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

በዚያን ጊዜ እኔ በማዘጋጃ ቤቱ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ከተማችንም ናዝሬት ነበር የምትባለው። አሥረኛው የአብዮት በዓል አልፎ፣ ባንዲራው ሳይወርድ፣ የበር ላይ ቀለሙም ገና ሳይደርቅ፣ አሰግድ ከአንዱ ወንድም አገር የጥቂት ወራት ኮርስ ጨርሶ መጣና የከተማው የልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ። ምን ተምሮ እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አንድ ቀን ስለ ማኅበራት አደረጃጀት ነው ይላል፤ ሌላ ቀን ስለ ኃይል ምንጮች ነው ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የተማረው አደረጃጀት ነው፤ አንድ እሑድ ደግሞ በአውቶቡስ ጭነው የአቶም ጣቢያ አስጎብኝተውታል። የጎበኘውን የተማረው መስሎት ተመለሰ።

ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ካኪ ሱፉ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ አንዳቸውም ስለማይጽፉ ለመፈረም የእኔን ይዋሳል። መነጽር አለው። እውነት ሲናገር አያወልቀውም። ሊያጋንን ሲል ግን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ያወልቅና ያጥፈዋል። ቢሮ ውስጥ እኔና ተላላኪው ይህን ካወቅን ወዲህ፣ መነጽሩ ሲወርድ እርስ በርስ መተያየት ፈርተን መሬት መሬት እናያለን።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው የክብሪቱን ቤት ነው። ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያቆመውና፣ "ይህችን ታያላችሁ?" ይላል። እናያለን፤ ምን እናድርግ! "በዚህች መጠን ያለ የአቶም ነዳጅ ናዝሬትን ዓመት ሙሉ ያበራል። ትልቅ ግድብ፣ ትልቅ ተራራ፣ ያ ሁሉ አለፈበት። ዓለም ወደ ትንንሹ እየሄደ ነው። ትንንሽ የአቶም ማብሪያዎች! በየከተማው! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!" ይልና ከዚያችው ክብሪት ሲጋራውን ለኩሶ መልሶ ይከታታል። አሰግድ አቶም የሚለውን ስም ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሳምንት ሳይሞላው ግን የጋሪ ነጂው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀን በተውነው። ጉዱ የመጣው ለአቶሙ ቦታ ሲፈልግ ነው።

እኛ ሰፈር ሞተር ቤት የሚባል ግቢ አለ። ከተማዋ የቆቃ መብራት ሳይደርሳት በፊት መብራት የምታገኘው እዚያ ከነበሩት የናፍጣ ሞተሮች ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ፣ ሞተሮቹ ማታ ሲነሡ የሰፈሩ ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላሉ። የቆቃው መስመር ሲመጣ ጣቢያው ተዘጋ፤ ሞተሮቹም ተነቅለው ሄዱ። አንዱ ግን ቀረ። ያንን አንዱን ከጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ጋር አገናኝተውት፣ ውሃ ወደ ታንከር ይስባል፤ ከታንከሩ ወደ ቦኖው ይወርዳል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው፣ የሚታጠበው ከዚያ ቦኖ ነው። የናዝሬትን ሙቀትና አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

የቦኖው ጠባቂ እትዬ ጫልቱ ነበሩ። ባላቸው የሞተር ቤቱ ዘበኛ ሆነው ኖረው ሲሞቱ፣ የዘበኛ ክፍሏም የቦኖው ቁልፍም ለእሳቸው ቀረ። በዚያች አንዲት ክፍል ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የመጨረሻዋ ለሊሴ ትባላለች፤ ገና አፏን የፈታች፣ ቀኑን ሙሉ የቦኖው ጭቃ ላይ የምትንቦጫረቅ። እትዬ ጫልቱ ቁጣ አያውቁም፣ ግን ምላሳቸው አይጣል ነው። ወረፋ የሚዘል ሰው ካገኙ፣ "አንተ፣ እናትህ ስትወልድህም እንዲህ ተጋፍተህ ነው የወጣኸው?" ይሉታል። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ነው የሚጨርሱት፤ ተሰዳቢው የቱንም ቋንቋ ቢያውቅ ድርሻው ይደርሰዋል።

እንግዲህ አሰግድ ዓይኑ ያረፈው እዚህ ግቢ ላይ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳ ቀበሌው አዳራሽ ጠራን። አዳራሹ ከመታሸጉ በፊት የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ነበር፤ አባቴ የሠራቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ነው የሰማነው። አሰግድ የክብሪቱን ቤት ጠረጴዛው ላይ አቆመ። "ለምን ሞተር ቤት?" ብሎ ራሱን ጠየቀና ራሱ መለሰ። "አንደኛ ግቢው የመብራት ግቢ ነው። ምሰሶው አለ። መንገዱ አለ። ሕዝቡንም የሞተር ድምፅ አያስደነግጠውም። በአጭሩ፣ ጓዶች፣ ቦታው መብራት ለምዷል!"

ተጨበጨበ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ የሚጨበጨበው ስለገባን አይደለም፤ ተናጋሪው ስላቆመ ነው።

እትዬ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ። ለሊሴ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አቶሙ ይምጣ፤ እሰየው ነው። ቦኖው ግን የት ሊሄድ ነው? ሰው ቢሻን፣ ውሃ ነው የሚጠጣው። መብራት አይጠጣም።"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አሰግድ መነጽሩን አወለቀ፣ አጠፈ።

"እናቴ፣ አንቺ የምታስቢው በጀሪካን ነው። ሳይንስ በጀሪካን አያስብም። አቶም ሲመጣ ውሃው ራሱ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። አንቺንም ቀበሌው ባለ ቧንቧ ቤት ይሰጥሻል። ይህን እኔ እላለሁ!"

"መቼ?"

"ሳይንስ ወረፋ አይጠብቅም!" አለና የክብሪቱን ቤት ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። እንደገና ተጨበጨበ። እትዬ ጫልቱ ቁጭ አሉ። ጥያቄያቸው አልተመለሰም፤ ለማንሣት ግን ሌላ ዕድል አልነበረም።

ውሸታም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጠላውም ነበር። ውሸታም ሰው ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል። አሰግድ ግን ያምን ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ስወጣ ሞተር ቤት ግቢ ውስጥ ብቻውን አየሁት። አቧራው ላይ ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፣ ቆም ይላል፣ እጁን ዘርግቶ ባዶ ቦታ ያሳያል። ለማን እንደሚያሳይ አላውቅም። ፊቱ የሙሽራ ፊት ነበር። ከዚያ ከኪሱ የፖስታ ካርድ አውጥቶ ተመለከተ፤ ያችን ካርድ ቢሮም አሳይቶናል፣ በረዶ የለበሰ ከተማና አንድ ትልቅ ጭስ ማውጫ ያለባት ናት። ከካርዷ ቀና ብሎ ግቢውን ሲያይ፣ የእትዬ ጫልቱን ልብስ ማስጫ ገመድ ያየው አይመስለኝም። በረዶውን ነው የሚያየው።

ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ጓድ፣ ከአንድ ፈረንጅ ባለሙያ ጋር፣ የመሠረት ድንጋይ ሊያኖር ይመጣል ተባለ። የዚያ ዘመን ደንብ የታወቀ ነው። ትልቅ ሰው ከመጣ ድንጋይ ይኖራል። ከድንጋዩ በላይ ምን እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም፤ ዋናው ድንጋዩ ነው። ዕብነ በረዱ ላይ "የአነስተኛ አቶም ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ" ተብሎ ተቀረጸ። ከሥር የትልቁ ጓድ ስም አለ። አሰግድ የራሱ ስም እንዲገባ ብዙ ደከመ፤ ፕሮቶኮል አይፈቅድም ተባለ። ያን ሰሞን የቢሮ ሰው ሁሉ ኩርፊያውን ነበር የሚያየው።

ደንቡ ሌላም ነገር አለው። ትልቅ ሰው አሮጌ ነገር ማየት የለበትም። አሮጌው ሞተር "የትናንት ቅርስ" ተባለና ተነቀለ፤ ለአንድ የመንግሥት እርሻ ተጭኖ ሄደ። ታንከሩ ወረደ። ቦኖው ተሰበረ፤ የጉድጓዱ አፍ በቆርቆሮ ተዘጋ። የእትዬ ጫልቱ ክፍል ከበሩ ፊት ለፊት ስለምትታይ እሷም ፈረሰች። እትዬ ጫልቱ ፍራሻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው እዚያው ሰፈር እህታቸው አጥር ሥር የላስቲክ ዳስ ጣሉ። "በዓሉ ይለፍ እንጂ ቤትሽ ተዘጋጅቷል" አላቸው አሰግድ። መነጽሩ እጁ ላይ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ባንዲራ ያውለበልባል። ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን እያነሣ የካድሬዎቹን ካኪ ነጭ አደረገው። እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ። ፈረንጁ ግቢውን በዓይኑ ዞረና በአስተርጓሚ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ውሃው የት ነው? እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለ ብዙ ውሃ አይሠራም።"

አሰግድ መነጽሩን አወለቀ። "ቆቃን የሚያህል ሐይቅ አለን!" አለ፣ ክንዱን ዘርግቶ። ትልቁ ጓድ ራሱን ነቀነቀ። ተጨበጨበ።

ወደ ድንጋዩ ተሄደ። ግንበኛው አሸዋና ሲሚንቶውን አዘጋጅቶ ቆሟል። የሚያብለጨልጭ የግንበኛ ማንኪያ በቀይ ጨርቅ ላይ ቀረበ። ትልቁ ጓድ ማንኪያውን አንሥቶ ጎንበስ አለ፤ ከሥሩ ያለው ግን ደረቅ ዱቄት ነው። ግንበኛው አጠገቡ ላለው ሹም "ውሃ" አለው በሹክሹክታ። ሹሙ ለሚቀጥለው "ውሃ" አለ። ያም ለሚቀጥለው። ቃሉ በሹማምንቱ ሰልፍ ላይ እየተላለፈ ሄዶ አሰግድ ጋ ሲደርስ ቆመ። አሰግድ ዞሮ ያየው ቦኖው የነበረበትን ቦታ ነው። እዚያ የተደለደለ አፈርና አንድ ሰንደቅ ዓላማ ብቻ አለ። ሲሚንቶውን ሲያስመጡ፣ ጨርቁን ሲያስመጡ፣ ባንዱን ሲያስመጡ፣ ውሃ ትዝ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ውሃ እኮ እዚያ ግቢ ምን ጊዜም ነበር!

አሰግድ ሰልፉን ሲቃኝ እትዬ ጫልቱን አየ፤ ጀሪካናቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል።

"እናቴ! ቶሎ በይ፣ ውሃ!"

እትዬ ጫልቱ ጀሪካኑን ዘቅዝቀው አሳዩት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

"ቢሻን የለም፣ ጓድ። አቶሙ ይዞልን እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።"

መሳቅ ያስፈራል፤ አለመሳቅም አይቻልም። ሰልፉ በሙሉ ሳል ያዘው። በመጨረሻ ከእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ የጠርሙስ ውሃ፣ ያን ጋዝ ያለበትን፣ አምጥተው ከፍተው ሲሚንቶው ላይ ደፉት። ሲሚንቶው አረፋ አወጣ። ግንበኛው "ይሄ አይዝም" ብሎ አጉረመረመ። ትልቁ ጓድ ማንኪያውን አንድ ጊዜ አስነክቶ እጁን አራገፈ። ድንጋዩ ዘመም ብሎ ተቀመጠ። ባንዱ መዝሙሩን ጀመረ።

ማታ እትዬ ጫልቱን ቀበሌ ወሰዷቸው። "ትልቅ እንግዳ ፊት ማሾፍ" ነው የተባለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲፈቱ፣ የተባለላቸው ባለ ቧንቧ ቤት ቀረ። እኔ በአሰግድ ቢሮ በር ስገባና ስወጣ፣ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። "ለማሾፍ የሚበቃ ንቃት ያለው ሰው ቤት አያጣም" አለ አሰግድ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እንዲሰሙ። ሰሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሰፈሩ ከመስኖ ቦይ መቅዳት ጀመረ። አቅም ያለው በጋሪ ያስመጣል፤ የሌለው ከቦዩ ይጠጣል። ሕፃናት ሆዳቸውን ታመሙ። ለሊሴ ታመመች። እትዬ ጫልቱ ተሸክመዋት ጤና ጣቢያ ሮጡ፤ ደርሰውም ነበር። ልጅቷ ግን በውስጧ የቀረ ውሃ አልነበረም። አልተረፈችም።

እህታቸው አጥር ሥር፣ ከዳሱ አጠገብ፣ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። አሰግድ ከኮሚቴው ጋር መጣ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ወንዶቹ መሐል ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ "ጓድ አሰግድ፣ ቦኖው ቢመለስ ምን አለ? ሕፃን እየሞተ ነው እኮ" አሉት። አሰግድ መነጽሩን አላወለቀም። ይህን ሁልጊዜ አስታውሳለሁ፤ አላወለቀም። "ይህ የሽግግር ወቅት ችግር ነው" አለ።

እትዬ ጫልቱ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብለው አዩት። ያ ምላስ፣ ሰፈሩን ሲያስቅና ሲያስለቅስ የኖረ ምላስ፣ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንቱታዬን የነሳሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ነው መሰለኝ፣ እዚያው ወንድም አገር አንድ የአቶም ጣቢያ መፈንዳቱ በሬዲዮ ተሰማ። ቢሮ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አሰግድ ሲጋራውን ለኮሰና፣ "ያ ትልቁ ነው የፈነዳው። የእኛ ትንሽ ነው" አለ። ከሰዓት ከአዲስ አበባ ስልክ መጣ። በሩን ዘግቶ አወራ። ሲወጣ ጠይም ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"አስቴር፣ አቶም የሚለውን ቃል ሁሉ ዘመናዊ በዪው" አለኝ።

"ድንጋዩ ላይ ያለውንስ?" አልኩት።

በማግሥቱ ግንበኛ ልኮ ዕብነ በረዱ ላይ ያለውን ቃል በሲሚንቶ አስለሰነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ልስኑ ተላቀቀና "አቶም" ታጥቦ ፍንትው ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላስለሰነም። የክብሪቱን ቤትም ጠረጴዛ ላይ ሲያቆም አላየሁትም።

ደርግ ወደቀ። አሰግድ ትንሽ ታስሮ ተፈታ። ሰፈሩ አስቦበት ጉድጓዱን አስከፈተ፤ ሌላ ፓምፕ ተገኘ፣ ቦኖው እንደገና ቆመ። ጠባቂ ይመረጥ ሲባል ማንም ሌላ ስም አልጠራም። የመሠረት ድንጋዩን ለመንቀል ዶማ አላስፈለገም፤ ሁለት ጎረምሶች በእጃቸው ነቀነቁት፣ ወጣ። እትዬ ጫልቱ ቦኖው ሥር አስተኙት። ጀሪካን ማስቀመጫ ሆነ። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ነው ያስተኙት፤ ጽሑፉ ይነበባል። ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው እዚያ ቃል ላይ ነው።

አሰግድ ቤቱ ከቦኖው ብዙ አይርቅም። አንድ ጠዋት ጀሪካን ይዞ መጣ። ካኪው ቀለሙ ለቋል፤ ሦስቱ እስክሪብቶዎች ግን ኪሱ ላይ ናቸው። እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት አለፈ።

"ወረፋ!" አሉ እትዬ ጫልቱ።

"ጫልቱ፣ እኔ እኮ..."

"ወረፋ የማይጠብቀው ሳይንስ ነው። እርስዎ ይጠብቃሉ።"

ሰው ሁሉ ሰማ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። አሰግድ ወደ ኋላ ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ጀሪካኑን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ውሃው እስኪሞላ ጽሑፉን ያነብ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሁን ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ባይል፣ የልጅቷን ስም እንኳ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ።

"ቦታው ግን ጥሩ ነበር" አለ። "መብራት ለምዶ ነበር።"

"ውሃም ለምዶ ነበር" አሉ እትዬ ጫልቱ። "ልጅም ለምዶ ነበር።"

ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ከዚያ ቦኖ ቀዳ። ብዙ ዓመት ተሰለፈ። የለሊሴን ስም ከአፉ ሳልሰማ ነው የሞተው።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። የሕይወት ታሪኩ ተነብቦ አለቀ፤ ሣጥኑ ወረደ። ግንበኛው የመቃብሩን ድንጋዮች ደረደረና አሸዋና ሲሚንቶውን መሬት ላይ ዘረገፈ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቧንቧ ባልዲ ይዞ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ያን ቀን በከተማው ውሃ ጠፍቶ ነበር። "ውሃ" አለ አጠገቡ ላለው ሰው። ያም ለሚቀጥለው "ውሃ" አለ። ቃሉ በለቀስተኛው መሐል ሲተላለፍ እኔ ቀና አልኩ። ይህን ሰልፍ አውቀዋለሁ።

እትዬ ጫልቱ ከእድሩ ሴቶች ጋር ከኋላ ቆመዋል። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። የቀብሩን ውሃ የማቅረብ ተራው የእሳቸው ነበር፤ እድር ደግሞ ሟቹ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። በምርኩዛቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። በጋሪ ያስመጧቸው ጀሪካኖች እዚያ ተደርድረዋል። ጎረምሶቹ ተሸክመው አመጡ፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ። ጥቂት ደፍቶ ቆጠብ ሲል እትዬ ጫልቱ ጠጋ አሉ።

"ጨምር፣ ልጄ። አትሰስት፤ ውሃው የቦኖው ነው" አሉት። "በደንብ ይያዝ። ተነሥቶ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመሠርትብን።"

ግንበኛው ልጅ ነው፤ አልገባውም። ጨመረ። እትዬ ጫልቱ ሲሚንቶው እስኪለሰን፣ ድንጋዩም ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ ቆመው አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ሣር ወደ በቀለባት ትንሽ ጉብታ፣ ለሊሴ ወዳለችበት ሄዱ። አንዱን ጀሪካን ለእሷ አስቀርተውላት ነበር።